ዝሆን የሌለበት ሰርከስ ምን ጎደለው? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ሰው እየዞረ ነው። ጸሐፊው አሜሪካ የሚኖር ያገራችን ሰው ነው። ልጆቹን ዝሆንና ታይገር ወዳሉበት ሰርከስ ወስዶ፣ ፎቶውን ለሥራ ባልደረቦቹ ሲያሳይ አንዷ ፊቷን አጠቆረችበት። ልጅ ይዘህ እንዴት እንዲህ ያለ ቦታ ትሄዳለህ አለችው። እሱም በገነና ጻፈ። ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፦ እንስሳ የሌለበት ሰርከስ ሰርከስ አይደለም፣ እንስሳቱ በፍቅር ነው የሚያዙት፣ የተቃዋሚዎቹ ውሸት ፍርድ ቤት ላይ ተጋልጧል፣ ደግሞስ ይሄ ሁሉ የጠገበ ፈረንጅ ጭንቀት ነው።

ንዴቱ ይገባኛል። ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ቅዳሜ ልጆቼን ላስደስት ያለ አባት እንደ ወንጀለኛ ሲታይ ደስ አይለውም። ሴትዮዋም ትንሽ ቀስ ብትል ምን ነበረበት። ክርክሩ ግን አያዛልቅም። አንድ በአንድ ልሂድበት።

ከታሪኩ ልጀምር። ሰርከስ ሲጀመርም በእንስሳ ነው ይላል፣ እዚህ ላይ እውነት አለው። ፊሊፕ አስትሊ የሚባል የቀድሞ የእንግሊዝ ፈረሰኛ ወታደር እ.ኤ.አ. በ1768 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወሮችም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ በሚጋልብ ፈረስ ጀርባ ላይ ቆሞ ትርኢት ማሳየት ጀመረ። ዛሬም ድረስ የሰርከስ መድረክ ክብ የሆነው፣ ስፋቱም 13 ሜትር ገደማ የሆነው በዚያ በፈረሱ ዙር ምክንያት ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ የለንደን ሰው ከፍሎ የሚገባው ፈረስ ለማየት ነበር? ፈረስማ ደጁ ላይ ሞልቶለታል። የሚከፍለው ሰውዬው ቆሞ አለመውደቁን ለማየት ነው። አስትሊ ራሱ ብዙም ሳይቆይ ገመድ ላይ የሚራመዱ፣ የሚገለባበጡና የሚያስቁ ሰዎችን ጨመረበት። ታይገርና ዝሆን የገቡት ከዚያ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ወደ ሥሩ እንመለስ ካልን ሥሩ ላይ የምናገኘው የሰውን ችሎታ ነው።

በዚህ ዘመን የዓለም ትልቁ የሰርከስ ድርጅት ሰርክ ዱ ሶሌይ ነው። ካናዳ፣ ኬቤክ ውስጥ በረጅም እንጨት ላይ እየተራመዱ መንገድ ላይ ትርኢት ከሚያሳዩ ወጣቶች ተነስቶ በ1984 ተመሠረተ። አንበሳና ዝሆን ኖሮት አያውቅም። ይሄም ሰርከስ አይደለም የሚል ካለ ከቃላት ጋር ነው የተጣላው፣ እዚያው ይጨርስ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እንስሳቱ የሚሰለጥኑት በፍቅርና በምግብ ነው፣ አሰልጣኙ ዝሆኗን ሲያቅፋት በዓይኔ አይቻለሁ ይላል ጸሐፊው። ማቀፉን አልጠራጠርም። ብዙ አሰልጣኞች እንስሶቻቸውን ከልባቸው ይወዳሉ ብዬም አምናለሁ። ግን በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ? አብሮ መዋሉ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ጸሐፊው አንደኛውን እጅ ሲያይ ሌላኛውን አላየውም።

እኔ አይቼዋለሁ። በአንድ ትርኢት የእረፍት ሰዓት ላይ፣ ልጆች ዝሆን ጀርባ ላይ ለመውጣት ተሰልፈው ሳለ በጣም ቀርቤ ቆሜ ነበር። ሰውዬው በአንድ እጁ የክንድ ርዝመት ያላት ዱላ ይዟል። ጫፏ ላይ የሾለ ብረት አለ፣ ከጎኑ ደግሞ ወደ ኋላ የታጠፈ መንጠቆ። አልመታትም፣ አልጮኸባትም፣ እንዲያውም ከወላጆች ጋር እየሳቀ ያወራ ነበር። ዝሆኗ ግን ከዚያች ዱላ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም። ዱላዋ ከቀኝ እጁ ወደ ግራ ስትዞር ዓይኗም አብሮ ዞረ፣ ጫፏ ወደ ፊት እግሯ ጠጋ ሲል እግሯን አነሳች። ከኋላዬ የነበሩ ሰዎች አጨበጨቡ። ዱላው ሥራውን የጨረሰው ቀድሞ፣ ማንም ባላየበት ቦታ ነው።

ይሄ የእኔ ግምት ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት ነበር። በአሜሪካ ትልቁ የነበረው የሪንግሊንግ ብራዘርስ ሰርከስ ባለቤት ኬኔት ፌልድ በ2009 ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ የዝሆን ሠራተኞቹ ዝሆኖቹን ከጆሯቸው ጀርባ፣ ከአገጫቸው ሥርና እግራቸው ላይ በዚያ መንጠቆ እንደሚመቱ ቃሉን ሰጥቷል። እርምት ለመስጠት ነው ነው የሚለው። ይህን ያለው ተቃዋሚ አይደለም፣ ባለቤቱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ2011 ድብቅ ካሜራ አኔ የምትባል አሮጊት ዝሆን በሰንሰለት ታስራ በጋጣዋ ውስጥ ሠራተኛ ሲደበድባት ቀረጸ፣ የሰርከሱም ባለቤት በቀጣዩ ዓመት ጥፋተኛ ተባለ። ይህንንም ተመልካቹ አያይም ነበር።

እሺ፣ ዱላውን እንተወውና ነገሩን በጤነኛ አእምሮ እናስበው። ውሻህን በዳቦ ቁራጭ ቁጭ በል ብለህ ማስተማር ትችላለህ። አንዳንዴ እምቢ ይልሃል፣ ትስቃለህ፣ ነገሩ ያበቃል። ሰርከስ ግን እምቢታን አይችልም። ትርኢቱ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ይጀመራል፣ ሺህ ሰው ከፍሎ ተቀምጧል፣ ብዙ ኩንታል የሚመዝን እንስሳ በሕፃናት አጠገብ ሊያልፍ ነው። ዛሬ ደብሯታል፣ ምግቡን አልፈለገችም፣ ትርኢቱ ይቅር አይባልም። ዳቦ በዚያ ሰዓት ዋስትና አይሆንም። ዋስትና የሚሆነው ፍርሃት ነው፣ እሱም ሁልጊዜ አይሠራም። በ1994 ሆኖሉሉ ላይ ታይክ የምትባል ዝሆን በትርኢት መሃል አሰልጣኟን ገድላ ወደ ከተማው ወጣች፣ ፖሊስ ከ80 በላይ ጥይት ተኩሶ ነው የጣላት። በሚያዝያ 2024 ደግሞ ሞንታና፣ ቢውት ከተማ ውስጥ ቫዮላ የምትባለው ገላዋን እየታጠበች ሳለ የመኪና ጭስ ማውጫ ሲፈነዳ ደንግጣ ሮጣ ወጣች፣ መኪኖች መሃል መንገድ ተሻግራ ካዚኖ ደጃፍ ሣር ስትነጭ ተገኘች። ሰው አልተጎዳም፣ ቪዲዮውን አይቶ ያልሳቀም የለም። ግን በመኪና ድምፅ ይህን ያህል የምትደነግጥ ፍጡር በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ ይዞ መዞር ምን የሚሉት ሥራ ነው?

ፍቅር የሚለውን ከመልቀቄ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ላስ ቬጋስ ውስጥ ዚግፍሪድና ሮይ የሚባሉት ሁለቱ ሰዎች ከነጭ ታይገሮቻቸው ጋር ቤት ውስጥ አብረው ነበር የሚኖሩት። ከእነሱ በላይ ታይገር የወደደ ይኖራል ብዬ አላስብም። በጥቅምት 2003 አንዱ ታይገር በመድረክ ላይ ሮይን አንገቱን ነክሶ ጎተተው። ሮይ ተረፈ፣ ግን እንደ ድሮው መንቀሳቀስ አልቻለም፣ ታይገሩን ግን እስከ መጨረሻው አልወቀሰውም። ፍቅሩ እውነት ነበር። ታይገሩም ታይገር ነበር።

ደግሞ ሁላችንም የምናወራው ስለዚያች የሩብ ሰዓት ትርኢት ነው። ቀሪው ሰዓትስ? የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዘዋሪ ሰርከሶች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው አይተውት ነበር። እንስሳቱ ከቀናቸው ከ1 እስከ 9 በመቶ የሚሆነውን በልምምድና በትርኢት ያሳልፋሉ፣ የተረፈው በሙሉ በሳጥን፣ በጋሪ ወይም በአጥር ውስጥ ነው፣ ቦታውም ለመካነ አራዊት ከሚመከረው ሩብ ያህል ብቻ። ዝሆን ሴት ልጇ አድጋ አያት እስክትሆን አብራት የምትኖር ፍጥረት ናት፣ ቀኑን ስትራመድ የምትውል። እሷን ቆማ ወዲያ ወዲህ ስትወዛወዝ ያያችሁ ከሆነ፣ ለሙዚቃው እየጨፈረች አይደለም። መላ ሲጠፋ የሚመጣ ልማድ ነው። ልጆች ይጨፍራል የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ጸሐፊው ገበሬ ቤት ነው ያደግሁት፣ በሬም እኮ ይገረፋል፣ በቅሎም ይጫናል፣ ለምን ለዝሆን ብቻ ይለቀሳል ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በሬ በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት ከሰው ጋር የኖረ፣ እየተመረጠ የተራባ የቤት እንስሳ ነው። ሲፈታ ይግጣል፣ ማታ ከመንጋው ጋር ያድራል፣ ገበሬውም ቡሬ እያለ በስሙ ያሞግሰዋል፣ ካልጠመደ ቤተሰቡ ጦሙን ያድራል። ታይገር ደግሞ በሳጥን ውስጥ ተወልዶ አያቱም በሳጥን ተወልዶ ቢሆን እንኳ የዱር አውሬ ነው። የምናሰቃየውም ለእንጀራችን አይደለም፣ በእሳት ቀለበት ሲዘል አይተን ፋንዲሻ ለመብላት ነው። አዲስ አበባ መንገድ ላይ አህያ ላይ የሚወርደው ዱላ ያበሳጫል ካለኝ እስማማለሁ፣ እሱም ይቁም። አንዱ ስቃይ ለሌላው ፈቃድ አይሰጥም።

ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ነጥብ ስለ ፍርድ ቤቱ የጻፈው ነው፣ ተቃዋሚዎቹም ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ስለሚያልፉት እኔ አላልፈውም። የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅቶች ሪንግሊንግን በ2000 ከሰው ተሸንፈዋል፣ ከዚያ ብሶ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል ይላል። ትክክል ነው። አንዱ ድርጅት በ2012 ለብቻው 9.3 ሚሊዮን፣ ሌሎቹ በ2014 አንድ ላይ 15.75 ሚሊዮን ዶላር ከፍለዋል። ለምን ቢባል፣ ዋናው ምስክራቸው የቀድሞ የሰርከስ ሠራተኛ ነበር፣ ለሰውዬው ለዓመታት ገንዘብ ሲሰጡት ነበር። ዳኛው ታማኝ ምስክር አይደለም አለ። አሳፋሪ ሥራ ነው የሠሩት፣ ዋጋውንም ከፈሉ።

ግን ዳኛው በ2009 የወሰነው ምንድን ነው? ከከሳሾቹም አንዱ የነበረው ያ ምስክር ለመክሰስ የሚያበቃ መብት የለውም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። ዝሆኖቹ አልተበደሉም አላለም፣ ወደዚያ ጥያቄ አልገባም። ያ የባለቤቱ ቃል የተሰጠውም እዚያው ችሎት ላይ ነው። ጸሐፊው ይህን ትቶት አልፏል። ሌላም የተወው አለ። የሪንግሊንግ ባለቤት ድርጅት በ2011 ከአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ጋር በእንስሳት አያያዝ ሕግ ጉዳይ ተስማምቶ 270 ሺህ ዶላር ከፍሏል፣ በወቅቱ በዚያ ሕግ ከተከፈለው ሁሉ ትልቁ። ጥፋቱን አላመነም፣ ገንዘቡን ግን ከፈለ። ምስክር መግዛት ነውር ነው። ዱላው ግን ከዚያ ጋር አብሮ አልጠፋም።

በነገራችን ላይ የእንግሊዙን መንግሥት ጥናትም ጠቅሷል። በ2007 የወጣው ያ ሪፖርት በሰርከስ ያሉ አራዊት በሌላ ቦታ ተይዘው ካሉት የባሰ ኑሮ ይኖራሉ ለማለት በቂ ሳይንሳዊ ማስረጃ የለም ብሎ ነበር። እሱም እውነት። ማስረጃ አልበቃም ማለት ግን ደህና ናቸው ማለት አይደለም። እንግሊዝ በ2019 ሕጉን ስታወጣ፣ ከጥር 2020 ጀምሮም ስትከለክል በሥነ ምግባር ምክንያት ነው ብላ በግልጽ ነው የከለከለችው። ጥያቄው አውሬውን ምን ያህል ያመዋል ብቻ አይደለም፣ ኮፍያ አድርገንበት ልንስቅበት ምን አበቃን የሚልም ነው።

ሪንግሊንግ ዝሆኖቹን ስላስወጣ ከሰረ የሚለውን ቶሎ ላልፈው። በግንቦት 2016 ዝሆኖቹ ጡረታ ወጡ፣ በግንቦት 2017 ከ146 ዓመት በኋላ ሰርከሱ ተዘጋ። ዝሆኖቹ ከወጡ ወዲህ የትኬት ሽያጩ ከጠበቁት በላይ መቀነሱን ራሳቸው ተናግረዋል። ገበያው ግን ከዚያ በፊትም ለዓመታት ሲቀንስ ነበር፣ በባቡር የሚዞር ከተማ የሚያህል ድርጅት ማንቀሳቀስ ደግሞ ወጪው አይቻልም። ጸሐፊው ታሪኩን እዚያ ላይ አቆመው። በ2023 መስከረም ሪንግሊንግ ተመልሷል፣ ያለ አንድም እንስሳ። ትርኢቱ በእንስሳ ብቻ የሚያዋጣ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ነጋዴዎች ያለ እንስሳ ገንዘባቸውን መልሰው ባላፈሰሱበት ነበር። ጀርመን ያለው ሮንካሊ ሰርከስ ደግሞ ዝሆንና ፈረሱን በብርሃን ምስል ተክቶታል፣ ግዙፍ ዝሆን ድንኳኑ መሃል ይቆማል፣ መብራቱ ሲበራ የለም። እኔ እንኳ ብዙም አልወደድኩትም፣ ሰዎቹ በቂ ነበሩ።

ልጆች እንስሳ መውደድ ይማራሉ ይላል። ዝሆን በሁለት እግሯ ስትቀመጥ ያየ ልጅ ስለ ዝሆን የተማረው አንድ ነገር ቢኖር ስትታዘዝ እንደምትቀመጥ ነው። ገቢው ለታመሙ ሕፃናት ይውላል የሚለው ደግሞ ይስተካከል። አሜሪካ ውስጥ ሽራይነሮች በሚባል የበጎ አድራጎት ማኅበር ስም የሚዘጋጁ ሰርከሶች አሉ፣ ሽራይነሮቹ ሕፃናት የሚያክሙ እውነተኛ ሆስፒታሎች አሏቸው፣ መልካም ሥራ ነው። የሰርከሱ ገቢ ግን በአብዛኛው የአካባቢው ማኅበር ራሱን የሚያንቀሳቅስበት ነው፣ የትኬቱ ክፍያም እንደ ልገሳ እንደማይቆጠር ብዙ ጊዜ በትንንሽ ፊደል ተጽፎበታል። ሆስፒታሉን መርዳት የፈለገ በቀጥታ ይስጥ።

አሁን የመጨረሻው፣ እኔንም እንድጽፍ ያደረገኝ። ይሄ የጠገበ ፈረንጅ ጭንቀት ነው፣ እኛ ሰው ሳይጠግብ ስለ ዝሆን አናለቅስም ይላል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። እንስሳን በሙሉ፣ የዱሩንም የቤቱንም፣ ከሰርከስ በመከልከል ቀዳሚ የሆነችው ቦሊቪያ ናት፣ በ2009። ከደቡብ አሜሪካ ደሀ አገሮች አንዷ። ሕንድ ድብ፣ ዝንጀሮ፣ ታይገርና አንበሳን ለትርኢት ማሰልጠንን በ1998 አገደች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷም በ2001 አጸናው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ልጆች ደግሞ የዱር አውሬ ያለበት ሰርከስ ሳያዩ ነው ያደጉት፣ ከ1995 ጀምሮ የለም። ፈረንሳይ ገና በ2021 ነው ሕጉን ያወጣችው፣ ዘዋሪ ሰርከሶች ላይ የሚጸናውም በ2028 ነው። ፈረንጁ ነው እንጂ የዘገየው።

እኛስ? ጸሐፊው የሐረርን ጅብ ያነሳል፣ ያም ትርኢት ነው ይላል። ሐረር ላይ ጅቦቹ ሲመሽ በራሳቸው እግር ከጀጎል ውጭ ይመጣሉ፣ ሥጋ ይበላሉ፣ ሲያሻቸው ይሄዳሉ። ሰንሰለት የለ፣ ሳጥን የለ። ዛሬ አንመጣም ቢሉ ማንም ሄዶ አያመጣቸውም። ልዩነቱ ካልታየው ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

የሚገርመኝ ግን የራሳችንን ሰርከስ ጭራሽ አለማንሳቱ ነው። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 አዲስ አበባ ውስጥ ሲጀመር ዝሆን አልነበረውም፣ ድንኳንም አልነበረውም። ልጆች ነበሩ። ሜዳ ላይ እየተገለባበጡ፣ አንዱ በሌላው ትከሻ እየወጣ፣ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ፈንጂ ለሕዝቡ ያስተማሩ ልጆች። ከዚያ ጅማ፣ መቀሌ፣ ናዝሬት ሰርከስ አቋቋሙ። ደብረ ብርሃን ላይ በ1998 የተጀመረው ሰርከስ አካል ጉዳተኛ ወጣቶችን ይዞ ነው የሚሠራው። በ2004 አዲስ አበባ ውስጥ ፍካት ሰርከስ ተቋቋመ፣ በ2015 የአፍሪካን የሰርከስ ፌስቲቫል አዘጋጀ። ሰርከስ አቢሲኒያ ደግሞ በ2017 ኤድንብራ ላይ ታየ፣ በኋላም ስለ ደራርቱ ቱሉ ትርኢት ሠራ። ስለ ደራርቱ! ገመድ፣ ቀለበት፣ መገለባበጥ፣ እና የበቆጂዋ ልጅ ታሪክ።

የኛ ልጆች የሚታወቁበት አንድ ትርኢት አለ። አንዱ በጀርባው ተኝቶ እግሮቹን ወደ ላይ ያነሳል፣ ሌላው እግሮቹ ላይ ቁጭ ይላል። ከዚያ የተኛው ጓደኛውን በእግሩ ወደ ላይ ይወረውረዋል፣ ያ በአየር ላይ ይገለበጥና ተመልሶ በተረከዞቹ ላይ ያርፋል፣ ደግሞ ይወረወራል፣ ደግሞ፣ እየፈጠነ፣ አዳራሹ መቁጠር እስኪያቅተው። የተኛው ልጅ ሆድ ሲተነፍስ ይታያል፣ ጫማው ሥር ላብ አለ፣ አንድ ጣት ያህል ቢስቱ ጓደኛው በአንገቱ ነው የሚወርደው። የሚያስፈራው ነገር እዚህ አለ፣ እውነተኛው። ግን ሁለቱም ፈልገው ነው የገቡበት፣ ደመወዝ ይከፈላቸዋል፣ ሲደክማቸው ዛሬ አልችልም ማለት ይችላሉ። ጥሩ አስተዳደር ካለ ማለቴ ነው። በየሰርከሱ የሠራተኛ ብዝበዛ እንዳለ አውቃለሁ፣ ያ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ እና ታዲያ ልጆቼን የት ልውሰዳቸው ብሎ ይጠይቃል። ቀላል ነው ወንድሜ። ትኬት ከመግዛትህ በፊት ፖስተሩን እየው፣ ዝሆን ወይም ታይገር ካለበት፣ ወይም በእረፍት ሰዓት ዝሆን ላይ መውጣት አለ ከተባለ፣ ተወው። ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት ነጻ ትኬትም ላይ ደውለህ ጠይቅ፣ ነጻ የሚሆነው ለልጁ ነው፣ አንተ ትከፍላለህ። ከተማህ ላይ የኛ ልጆች ያሉበት ሰርከስ ሲመጣ ደግሞ ቀድመህ ግዛ። ብቻ የፊት ወንበር ላይ አትቀመጥ፣ ክላውኖቹ ውሃ ይረጫሉ።